ክብርት ሊቀመንበር እትዬ ትርፌ እና የሩዋይሱ ፀረ ሱስ ኮሚቴ

ሐበሻ አምስት ሆኖ በሚኖርበት አገር ሁሉ፣ ከአምስቱ አንዱ የቀሩትን አራቱን ለማዳን የተሾመ ነው። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ደብዳቤ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ አድነን ብሎ የለመነው ሰውም የለም። ግን ያድናችኋል። ደኅና ነኝ ብትሉት ይበልጥ ያድናችኋል።

ጅዳ ውስጥ፣ ሩዋይስ ሰፈር፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት ባለፈው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይህ ሹመት የእትዬ ትርፌ ነበር።

እትዬ ትርፌ ሃምሳን ትንሽ የዘለሉ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ለአንድ ቤተሰብ አሥራ ስድስት ዓመት ምግብ አብስለዋል። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዳቸው የታደሰ፣ ካፊላቸው፣ ማለትም አሠሪና ዋሳቸው፣ የሚያከብራቸው፣ ዓርብ ዓርብ እረፍት ያላቸው ሰው ናቸው። ድምፃቸውን በተመለከተ፣ አገር ቤት ሲደውሉ ስልኩ ለይስሙላ ነው ይባላል። ምስጢር አንድ ጊዜ የነገራቸው ሰው ሁለተኛ አልነገራቸውም። ጠዋት ሩዋይስ የሰሙትን፣ ከከተማው ማዶ ፔትሮሚን ጋራዥ ሰፈር ያሉ ልጆች ከምሳ በፊት ከነማብራሪያው ይሰሙታል።

አብረዋቸው ከሚኖሩት ሦስት ሴቶች ታናሽዋ ሩት ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በየሳምንቱ አውሮፕላን ሙሉ ልጃገረድ ከአዲስ አበባ ጅዳ በሚራገፍበት በዚያ ዘመን መጥታ፣ አንድ ካፊል ቤት ዓመት ከሰባት ወር ሠርታ ጠፋች። «ጠፋች» ማለት በጅዳ አማርኛ መንገድ ሳተች ማለት አይደለም። ፓስፖርቷን ካፊሉ እጅ ትታ ወጣች፣ ወረቀት የላትም፣ ሹርጣ የሚሉትን ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትለውጣለች ማለት ነው። አሁን በተመላላሽነት ሁለት ቤት ትሠራለች። ስለ እትዬ ትርፌ ያላትን አስተያየት በሆዷ ይዛው ነበር፤ ሆዷም ሞልቶ ነበር።

ኮሚቴው የተወለደው በ2004 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። ፔትሮሚን አንድ የአገራችን ልጅ ኪኒን አብዝቶ ወስዶ በተኛበት ቀረ ተባለ። ስሙን በትክክል የሚያውቅ ጠፋ፤ እናቱ አስከሬኑን ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበሏን ግን ሁሉም ያውቃል። እትዬ ትርፌ የማያውቁትን ልጅ ሁለት ቀን አለቀሱት። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ታጥበው «የወጣቶች ከአደንዛዥ ነገር ጠባቂ፣ መካሪ፣ ተከታታይና አስተካካይ ኮሚቴ»ን አቋቋሙ። ስሙ ብቻ የቃለ ጉባኤውን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ጨረሰ።

«ሩት፣ ጸሐፊ አንቺ ነሽ» አሉ።

«እኔ? ለምን እኔ?»

«ጽሕፈትሽ ያምራል። ደግሞ ወጣቱን የሚወክል ሰው ያስፈልገናል። ኻላስ!»

«ኻላስ» በእሳቸው ዘንድ፣ ሐሳቡ ቀርቦ፣ ውይይት ተደርጎበት፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ማለት ነው።

ስብሰባው ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው። ሐበሻ እንዲህ ተሰብስቦ ሲያወራ መሰማቱ ጥሩ ስላልሆነ ቴሌቪዥኑ ከፍ ተደርጎ ይከፈታል። በዚህ የተነሳ የኮሚቴው ታላላቅ ውሳኔዎች ሁሉ የተላለፉት በዓረብኛ በሚያለቅሱ የቱርክ ድራማ ሴቶች መካከል ነው።

የእትዬ ትርፌ የምርመራ ዘዴ አንድ ነው። ወጣቱን መስኮት ሥር ያቆሙትና «ዓይንህን አሳየኝ!» ይላሉ። በአውራ ጣታቸው የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርገው፣ መነጽራቸውን ጭነው፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ፍርዱ እዚያው ነው። ይግባኝ የለም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፋሲል የሚባል የፔትሮሚን በያጅ ነበር። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል።

«ያዝኩህ!» አሉት።

«እትዬ፣ ብየዳ እኮ ነው የምሠራው። ብልጭታው ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሁሉም በያጅ አለመሆኑን ያስታወሳቸው ሰው አልነበረም። ፋሲል ሦስት ዓርብ ሙሉ ተቀምጦ ተመከረ። ምክሩን በሦስት ገጽ የጻፉት ራሳቸው እትዬ ትርፌ ናቸው፤ ሲነበብ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ልጁ በአራተኛው ዓርብ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፤ ይህም ጥርጣሬውን አባባሰው።

ቀጥሎ የረታ ጉዳይ መጣ። ረታ ጎማ ቤት የሚሠራ፣ የኮሚቴው ምክትል ሊቀመንበር ነው። እናቱ ከአገር ቤት ከሚመጣ ሰው ጋር በስስ ፌስታል የታሰረ ዱቄት ላከችለት። ክብርት ሊቀመንበር ፌስታሉን ደረጃ ላይ ከተላላኪው ተቀብለው፣ ባዩት በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ደፍተው፣ ውኃ ለቀቁበት። ረታ ሲመጣ እናቱ አምስት ቀን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ነፍታ የላከችው በሶ ቀይ ባሕር ደርሷል።

«በሶ መሆኑን በምን ላውቅ?» አሉ።

«ቢቀምሱት ኖሮ!»

«አደንዛዥ ነገር ቅመስ ትለኛለህ? እኔን?»

ረታ ይቅርታ ጠየቀ። ሩትም «ምክትል ሊቀመንበሩ ለፈጠሩት አለመግባባት ይቅርታ ጠይቀዋል» ብላ በሚያምር ጽሕፈቷ መዘገበች።

የመካ ነገር ከሁሉም የከበደ ነበር። እትዬ ትርፌ ክርስቲያን ስለሆኑ ሥልጣናቸው መካ መግቢያ ኬላ ላይ ያበቃል። እሳቸውን ግን ነፍስ ለማዳን ኬላ አይበግራቸውም። መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ውስጥ የሐጅ አውቶቡስ የሚነዱ፣ አያታቸው ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ሐሚድ የሚባሉ ደግ ሰው ያውቁ ነበርና «የመካ ቅርንጫፍ» አደረጓቸው። ዓይን በስልክ ስለማይታይ ምርመራው በድምፅ ሆነ። ሐሚድ የሰፈሩን ልጆች እየጠሩ ስልኩን ይሰጧቸዋል፤ እትዬ ትርፌ ከጅዳ «እስከ ሃያ ቁጠር!» ይላሉ።

«ይሄኛው አሥራ አራት ላይ ተንቀራፈፈ! ወስዷል!»

«ወላሂ ጉንፋን ነው እህቴ ትርፌ» ይላሉ ሐሚድ። «ደግሞ ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ በአማርኛ ከአሥር በላይ አይችልም። አላህ ይወድልሻል፣ ተይው።»

በዚህ አኳኋን ኮሚቴው ዓመት አለፈው። አንድም ሰው አልተያዘም፣ አንድም ሰው አልዳነም። ደብተሩ ግን ሊያልቅ ነበር።

ይህን ሁሉ እየሳቀች የምትጽፈው ሩት በቀን ስድስት ኪኒን ትወስድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወገቧ ነው። ከምትሠራባቸው ቤቶች በአንዱ ከአልጋ የማይነሱ ከባድ አሮጊት አሉ። ሩት ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ወለሉ ላይ ስትቀመጥ የቤቱ እመቤት፣ ማዳሟ፣ አየቻትና ከራሷ መድኃኒት አንዲት ፍሬ ሰጠቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አዝና ነው። ኪኒኗ ወገቧን ዝም አሰኘች። ወገቧን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሹርጣውንም ፍርሃት፣ ካፊሉ እጅ የቀረውንም ፓስፖርት፣ እናቷ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» የሚሏትንም ሁሉ ዝም አሰኘችው። ሩት በዚያ ቀን ምንጣፍ ስታጥብ አንጎራጎረች።

የማዳሟ ኪኒን ሲያልቅ፣ በየቤቱ ቀሚስ እያዞረች የምትሸጥ አንዲት ሴት ከቀሚሱ ሥር ያንኑ ይዛ ተገኘች። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። አንድ ጠዋት ሳትወስድ የወጣች ቀን አጥንቷ ተፈረካከሰ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ላብ አጠመቃት። ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ጉንፋን እንዳይዛት በየቀኑ ወሰደች። ሱሰኛ ማለት ለሩት ጥግ ይዞ የሚያጨስ፣ ልብሱ የቆሸሸ ወንድ ነው። እሷ ወገቧን ነው የሚያማት።

እትዬ ትርፌም ይመሰክሩላታል። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ሩትን መስኮት ሥር ያቆሟታል። «ሰው ሆይ፣ ንጹሕ ዓይን ማለት ይህ ነው! ጥርት ያለ!» ይላሉ። ሩት ዓይኗን ገልጣ ትቆማለች።

አንድ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነገሩ ፈነዳ። ጾመ ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ሁለቱም ቤቶች ምንጣፋቸውን ለእጥበት አውጥተው ነበር። ሩት ያን ቀን ከስድስቱም በላይ ወስዳለች። ቤቷ ደርሳ፣ ወጥ ቤት ገብታ ውኃ ስትቀዳ ብርጭቆው ከእጇ አመለጠ፤ እሷም ተከተለችው። ሰውነቷ ግትር አለና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጌቶቻቸው ለጉዞ ስለሄዱ ቀደም ብለው የገቡት እትዬ ትርፌ ሮጠው መጡ። «በስመ አብ!» አሉ፤ ጠበል ረጩ፤ ክብሪት ጭረው አሸተቷት፤ ቅዱሳንን በየስማቸው ጠሩ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ምላሷን ነክሳ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ አሉ። ያኔ ከቀሚሷ ኪስ ግማሽ ድረስ የወጣውን ብርማ የኪኒን ልባጥ አዩት።

ሩት ስትነቃ ጭንቅላቷ እትዬ ትርፌ ጭን ላይ ነው። ሴትዮዋ ዝም ብለዋል። እሳቸው ዝም ብለው አይታ ስለማታውቅ የሞተች መሰላት።

«ስንት ነው በቀን?» አሉ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ።

«ለወገቤ ነው እኮ እትዬ።»

«ስለ ወገብሽ አልጠየቅሁሽም። ስንት?»

ነገረቻቸው። እትዬ ትርፌ በነጠላቸው ጫፍ ከአፏ ዳር ደሙን ጠረጉላት።

«ዓመቱን ሙሉ ያንቺን ዓይን ለሰው ሳሳይ ከረምኩ» አሉ። «ምን ዓይነት ደደብ ነኝ።»

ሩትን ከመውደቋ ይልቅ ይሄ አስደነገጣት።

ከዚያ መካ ደወሉ። ሐሚድ ድምፃቸው አልሰማ ብሏቸው ሦስት ጊዜ «አሎ? አሎ? ኔትወርኩ ነው?» አሉ። ኔትወርኩ ደኅና ነበር፤ እትዬ ትርፌ በቀስታ እያወሩ ነው። «ልጅህን፣ ነርሷን፣ አሁኑኑ ይዘህልኝ ና። ለማን፣ ለምን አትበለኝ።»

ሰሐር ከአባቷ ጋር ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደረሰች። መካ ተወልዳ ያደገች፣ ጅዳ አንድ ክሊኒክ የምትሠራ፣ አማርኛዋ «አንቱ»ን የማያውቅ ልጅ ናት። እሷ እስክትደርስ እትዬ ትርፌ ዕቅዳቸውን ጨርሰዋል፦ ኪኒኑ መጸዳጃ ቤት ይደፋል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ሦስት ቀን ጸሎትና ነጭ ሽንኩርት።

«ላ ላ ላ፣ ኻላቲ! አይሆንም አክስቴ!» አለች ሰሐር። «ዛሬ ሁሉን ብትደፊው እንደገና ያንቀጠቅጣታል። ልትሞት ትችያለሽ... ትችላለች። ይሄ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፣ ሐኪም እያየው። የኔ ዶክተር ጥሩ ሰው ነው፣ ወረቀት አይጠይቃትም። ኪኒኑን ግን እሷ እጅ አትተዪው፣ ሌላ ሰው ይያዘው።»

«ማን ይያዘው?»

ሰሐርና አባቷ እትዬ ትርፌን አዩዋቸው።

የወጣቶች ከአደንዛዥ ነገር ጠባቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር በዚህ ዓይነት የኪኒን አዳይ ሆኑ። ዶክተሩ በጻፈው መሠረት ጠዋትና ማታ፣ ከወተት ጋር፣ ካማተቡበት በኋላ ይሰጧታል። ልባጡን በመሐረብ ጠቅልለው ጡታቸው ሥር ይደብቁታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሩት አመል ይብሳል። ትንቀጠቀጣለች፣ ታስመልሳለች፣ ትሳደባለች።

«እርስዎ ምን አገባዎት? ማን ሾመዎት?» ብላ ጮኸችባቸው አንድ ጠዋት።

«ማንም። ዋጪ።»

ሩት ከሕመሙ እኩል የምትጠብቀው ወሬው እስኪወጣ ነው። ሐሙስ ጠበቀች፤ ዓርብ ጠበቀች። ሳምንት ሆነ። ደረጃ ላይ ያገኘቻት ጎረቤት «ወገብሽ እንዴት ሆነ? ደረጃው አዳልጦሽ ወደቅሽ አሉ» አለቻት። ሌላዋም ደረጃውን ረገመችላት። ሩዋይስ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። የሰፈሩ ሬዲዮ ጣቢያ ሥርጭቱን አቋርጧል።

በሦስተኛው ዓርብ አሥራ ስምንት ሰው ተሰብስቦ፣ ድራማው እየጮኸ፣ ክብርት ሊቀመንበር ስለ ወጣቶች ኃላፊነት ሲናገሩ ላብ አሰጠማቸው። እጃቸውን ጡታቸው ሥር ሰደው መሐረባቸውን መዘዙ። ልባጡ ምንጣፉ መካከል ወደቀ።

ፋሲል አነሳው። «ት-ራ-ማ-ዶል» ብሎ እየቆራረጠ አነበበ። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን ዘጋው። «የማን ነው ይሄ?»

ሩት ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች።

«የኔ ነው» አሉ እትዬ ትርፌ።

ከዚያ ፋሲል፣ ዓመት የቆየ ቂሙን በእርጋታ እያጣጣመ፣ «እስቲ መስኮቱ ሥር ይቁሙ» አለ። «ዓይንዎን ያሳዩኝ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እትዬ ትርፌ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሄደው መስኮቱ ሥር ቆሙ፤ በገዛ አውራ ጣታቸው የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርገው አሳዩት። ሳቁ ቆመ።

«ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ» አለ ረታ፤ የበሶው ነገር ገና አልወጣለትም።

«ጻፊው ሩት» አሉ እትዬ ትርፌ።

ሩት ጻፈችው። ጽሕፈቷ ያን ቀን አላማረም።

ሰው ሲበተን ወጥ ቤት ተከትላቸው ገባች። «ለሁሉም እናገራለሁ። አሁን ሄጄ እናገራለሁ!»

«ቁጭ በይ። ወረቀት የለሽም። ይሄ ወሬ ባንቺ ስም አንድ ክፉ ጆሮ ከገባ ሹርጣ በር ላይ ነው። እኔ ኢቃማ አለኝ፣ ካፊል አለኝ፣ እርጅና አለኝ። ቢጠይቁኝ ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ፣ ማንም ያምነኛል።»

«ስምዎስ?»

«ስሜ ምን ይሆናል?» አሉና ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠቡት።

ስማቸው ብዙ ነገር ሆነ። ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ቦርሳቸውን ወደ ሌላኛው ትከሻ የሚያዞሩ ሴቶች መጡ። ሊቀመንበርነቱን ረታ ያዘው። ተጠርጣሪዋም በደንቡ መሠረት ሦስት ዓርብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተመከሩ። ረታ የሚያነብላቸው እሳቸው ራሳቸው የጻፉትን ሦስት ገጽ ነው። አንገታቸውን ደፍተው አርባ ደቂቃ ሰሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አሉ።

«ይቅርታ ረታ፣ ሁለተኛውን ገጽ ዘለልከው።»

ሩት በየዓርቡ ጥርሷን ነክሳ ትጽፋለች። እትዬ ትርፌን ስንት ጊዜ በሆዷ እንደሰደበቻቸው ታስባለች። ከመጨረሻዋ ግማሽ ኪኒን በኋላ ባለው ሳምንት፣ ወገቧ እንደገና ማመም ጀምሯል፤ ሰሐር የምትሠራው ክሊኒክ ውስጥ ማሳጅና እንቅስቃሴ ታዘዘላት። ያማል፤ ግን የራሷ ሕመም ነው።

ከዚያ አንድ ዓርብ ጠዋት በር ተንኳኳ። ፋሲል ነው። ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ይመስል ብርቱካን በፌስታል ይዟል።

«እትዬ ትርፌ አሉ?»

ሩት አስገብታው ወጥ ቤት ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

«እትዬ» አለ ፋሲል ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ እያገላበጠ፣ «እርስዎ... እንዴት ነው የተዉት?»

«ምኑን?»

«ያንን። የወደቀብዎትን።»

እትዬ ትርፌ አዩት። «አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና። ከአሥራ አራት ሰዓት ብየዳ በኋላ ክንዴ አልታጠፍ ሲለኝ ጓደኛዬ ሰጠኝ። አሁን ካልወሰድኩ እጄ ብረት አይዝም። ለማን ልንገር? ለኮሚቴው ነው የምነግረው?»

ሩት በበሩ ክፍተት አየች። የእትዬ ትርፌ አፍ ተከፈተ። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ቃል፣ «ብዬህ አልነበር! ዓይኔ ይዋሻል?» የሚለው፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። አፋቸው ተዘጋ። ቃሉን ዋጡት። እንዴት እንደሚመር ከፊታቸው ይታይ ነበር።

ሩት ወጥታ ፋሲል አጠገብ ተቀመጠች።

«የኔ ነበር» አለችው። «ያ ልባጥ የኔ ነበር። እሳቸው ራስ ምታት እንኳ ሲያማቸው ኪኒን አይወስዱም።»

«ሰው ሲያወራ ጥልቅ አትበይ!» አሉ እትዬ ትርፌ፣ ሦስት ፎቅ በሚያሰማው በድሮው ድምፃቸው። «ምን ያለችው ናት እሷ! ማን ጠየቀሽ?»

ሩት ግን አላቆመችም። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ መንቀጥቀጡ ነገረችው። ብቻህን ባንድ ቀን እንዳትተወው አለችው፤ ሰሐር የምትባል ልጅ አለች፣ ሐኪም አለ፣ ኪኒኑን ሌላ ሰው ይይዝልሃል። ፋሲል ሩትን አየ፣ እትዬ ትርፌን አየ። ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እትዬ፣ ያን ቀን መስኮቱ ሥር ያልኩዎት...»

«ብርቱካኑን ወዲህ በል።»

በኋላ ሌሎችም መጡ። ከታችኛው ፎቅ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሾፌር፤ ከመካ ደግሞ ሐሚድ በስልክ ያገናኟት አንዲት ልጅ። ንጹሕ ሆነው ሳሉ ደጃቸውን በፈቃዱ ማንም አልረገጠውም፤ ከወደቁ በኋላ ግን ዓርብ ጠዋት ቤታቸው ወንበር ጠፋ። ያን ቀን ግን ፋሲል ብቻ ነበር፤ እሱም ገና ፈርቷል።

«ለኮሚቴው ይነግሩብኛል?»

«የቱ ኮሚቴ?» አሉ እትዬ ትርፌ። ብርቱካኑን ልጠው ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለሩት ሰጡ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እሱ እስኪናገር ጠበቁ።